ሞታ የምትነሣዋን ሴት ለሠሩልን ክቡር ጌታ

ግንቦት 2008 ዓ.ም.
እንጅባራ

ይድረስ ሞታ የምትነሣዋን ሴት ለሠራው ድርጅት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሸጋ ጩኸት ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባሉበት አገር ዝናቡ በጊዜው፣ ፀሐዩም በልኩ ይሁንልዎ፤ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎና ጆሮዎ ደኅና ይሁኑ። ጆሮዎን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆይተው ይረዱልኛል። እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስሜ ውብአየሁ ሽባባው ይባላል። ባሌ እንየው ካረፈ ወዲህ ከአስፋልቱ ዳር ባለችው ቤቴ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። የፊት ለፊቱን ክፍል ይሄነው ለሚባል ወጣት አከራይቼው እሱ ጌም ቤት ከፍቶበታል፤ በእኔ አልጋና በእርስዎ ጨዋታ መካከል ያለው አንድ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። ከሰል የጫነ አይሱዙ በደጃፌ ሲያልፍ እንኳ የጨዋታዎ ድምፅ አይዋጥም። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርሁም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፣ የቀረውን በእጄ የገባውን ሁሉ በማንበብ ያገኘሁት ነው። ስለዚህ በአጻጻፌ ላይ ጉድለት ቢያገኙ ይለፉኝ፤ እርስዎም ከእኛ ብዙ ይቅርታ የሚጠብቁ ሰው ነዎትና።

ደብዳቤዬን በአድራሻዎ ያልላክሁት ንቄዎት አይደለም። ይሄነው የሚያጫውትበት ሲዲ ባሕር ዳር የተገለበጠ ስለሆነ፣ በላዩ ላይ በስክሪብቶ «ሴቷ» ተብሎ ከመጻፉ በቀር ስምም አድራሻም የለውም። ስለዚህ በጌም ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ወዳጆችዎ ከጠዋት ጀምረው የሚሰበሰቡት እዚያ ነውና ከመካከላቸው አንዱ ሳያደርስልኝ አይቀርም።

የልጅቷን ስም ልጆቹ መጥራት ስላልሆነላቸው መልኳን አይተው «ሸጋ» ብለው አወጡላት። እኔም ሸጋ እላታለሁ፤ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ።

ጨዋታውን በወሬ ብቻ የማውቀው አይምሰልዎ። ጌም ቤቱን ውላ የምትጠብቀው እመቤት የምትባል የጥሊሊ ልጅ ናት፤ በግቢዬ ተከራይታ ትኖራለች። ደንበኛ ሲጠፋ ታስገባኝና አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ ይቺን ተራራ ብቻ ልውጣና» እያለች ታሳየኝ ነበር። ከወንዶቹ ሁሉ የምትበልጥ ተጫዋች ናት። ስለ ሸጋ የተጻፈውንም በስልኳ አግኝታ ተርጉማልኛለች፤ «ጠንካራ፣ ነፃ፣ ማንንም የማትሻ ሴት» ይላል። ይህን ስታነብ ፊቷ እንዴት እንደ በራ ቢያዩ እርስዎም በሥራዎ በኮሩ ነበር።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ አለባበሷ። ለጸጉሯ ብቻ ብዙ ባለሙያዎች ዓመታት እንደ ደከሙበት እመቤት አንብባልኛለች፤ በእውነትም ነፋስ ሲመጣ አንድ በአንድ ይነቃነቃል። ከእነዚያ ባለሙያዎች አንዱ ቀና ብሎ በረዶ እየጣለ መሆኑን አይቶ ቢሆን ኖሮ ጋቢ እንኳ ቢቀር እጅጌ ያለው ሹራብ ይደርብላት ነበር። እንጅባራ ላይ በሐምሌ ወር እንደዚያ ሆና የወጣች ሴት በሳምንቱ በሳንባ ምች ትተኛለች እንጂ ተራራ አትወጣም። ብርዱን ለእሷ፣ ማየቱን ለተጫዋቹ አድርገው ስላከፋፈሉ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ ስለ አሟሟቷ። ሸጋ ስትሞት አይቸኩሉባትም። ከገደል ትወድቃለች፤ የሾለ እንጨት ይወጋታል፤ ወንዝ ወስዶ ከድንጋይ ያላትማታል። ሁሉም በዝግታና በቅርበት ይታያል፤ ሁሉም የየራሱ ጩኸት አለው። እኔ በችፑዱ በኩል የምሰማ ስለሆንሁ ጩኸቶቹን ከተጫዋቾቹ ይልቅ ለይቼ አውቃቸዋለሁ፤ የገደሉ ረጅም ነው፣ የእንጨቱ አጭር ሆኖ በሲቃ ያልቃል፣ የወንዙን ውኃው ይበላዋል። ዛሬም ነገም ያው ነው፤ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም። በሌላኛው ሲዲ ያለው ወንድ ወታደር ግን ሲሞት «እህ» እንኳ አይልም፤ ቴሌቪዥኑ ይቀላና በቃ። እመቤትን «እሱስ ለምን አይጮኽም?» ብዬ ብጠይቃት፣ «የሱን ማን መስማት ይፈልጋል፣ እትዬ?» አለችኝ።

ልጆቹ ጨዋታው ሲሰለቻቸው ሆን ብለው ከገደል ይጥሏታል። «አንዴ ጣላት እስቲ» ሲባባሉ እሰማለሁ። ትወድቃለች፣ ትጮኻለች፣ ይሥቃሉ፣ ትነሣለች። እነዚህ ልጆች የሰው ናቸው፤ ሲያገኙኝ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እንደምን ዋሉ፣ እማማ» የሚሉኝ ጨዋዎች ናቸው። ሴትን ከገደል መጣል ያለ ወቀሳና ያለ ለቅሶ የሚለማመዱበት ስፍራ ስለ ከፈቱላቸው በወላጆቻቸው ስም አመሰግናለሁ።

3ኛ፦ ስለምትገድላቸው ሰዎች። የመጀመሪያውን ስትገድል ተንበርክካ አለቀሰች። እኔም ከልቤ አዘንሁላት። እንባዋ ሳይደርቅ ግን የቀሩትን ትፈጃቸው ጀመር፤ እነዚያ እናት የወለደቻቸው አይመስሉም፤ ጥቂት ይጋደሙና ሬሳቸው በራሱ ይጠፋል። በእኛ አገር አንድ ሰው የተገደለ እንደሆነ ገዳይ አገር ይለቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ደም እስኪደርቅ ድረስ የሁለት ወገን ልጆች በአንድ መንገድ አይሄዱም። ሸጋን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ገላግለዋታል። ሴት ልጅ እንደ ወንድ ትገድል ዘንድ መብቷን ሲያስከብሩላት፣ እንደ ሰው እንድታዝን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ፈቀዱላት።

4ኛ፦ ስለ ፈረሱ። ይህ አቤቱታ የአያ ምህረቴ ነው። አያ ምህረቴ ከጥርባ በኩል በገበያ ቀን ድንች ይዘው የሚመጡ ገበሬ ናቸው፤ ፈረሳቸውን የሚያስሩት ከእኔ አጥር ላይ ነው። መጀመሪያ የሸጋን ጩኸት የሰሙ ዕለት ጆንያቸውን ጥለው፣ ዱላቸውን ይዘው ጌም ቤቱ ውስጥ ዘለቁ። «ማናት? የት አለች?» ሲሉ ልጆቹ በሣቅ ፈረሱ። «አባባ፣ ጨዋታ ነው፤ ሴትዮዋ ቴሌቪዥን ውስጥ ናት» አሏቸው። እሳቸውም ቆም ብለው ተመለከቱ። በዚያው ቅጽበት ሸጋ ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ዘልላ ወርዳ ወደ ጫካ ገባች። «ኧረ ፈረሱን ሳታስረው የት ትሄዳለች?» ብለው ጠየቁ። ወደ እኔ መጥተው፣ «ያቺ ሴት እንዲያ ደጋግማ የምትወድቀው ወዳ አይደለም፤ ፈረሱን በትኖ የሚሄድ ሰው መንገዱ አይቃናለትም» አሉኝ። ፈረስ ከቤተሰብ ተቆጥሮ በሚኖርበት በአገው ምድር ይህ ቀላል ነገር አይደለምና፣ በሚቀጥለው ሥራዎ ቢያንስ ውኃ ታጠጣው።

በሚቀጥለው ገበያ ሸጋ ስትጮኽ አያ ምህረቴ እንደገና ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ልጆቹም እንደገና ሣቁ። በሌላኛው ገበያም እንዲሁ ሲነሡ እኔ ራሴ፣ «አያ፣ ምን ያደክምዎታል? ጨዋታ ነው ተብለው የለም?» አልኋቸው። «ኡኡ ሲባል ሰው ይወጣል» አሉኝ፤ «ውሸት ከሆነ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ምን ይጎድልበታል?» እኔም ሣቅሁ። ይህችን ሣቄን ልብ ይበሉልኝ።

5ኛ፦ ይህ ከሁሉ በፊት መምጣት የነበረበት ነው፤ ነገር ግን የሚከብደውን ወደ ኋላ ማስቀመጥ ልማዴ ነው። ሸጋ ስትጮኽ የሚመጣ የለም። ያንን ሁሉ ተራራ፣ ያንን ሁሉ ወንዝ፣ ያንን ሁሉ ጸጉር ሲሠሩ አንድ ጎረቤት አልሠሩላትም። ስትወድቅም ስትወጋም በስም የምትጠራው ሰው የላትም፤ ትጮኻለች እንጂ አትጣራም። ብቻዋን ትወድቃለች፣ ብቻዋን ቁስሏን ታስራለች፣ ብቻዋን ትነሣለች፤ ይህም ጥንካሬ ተብሎ ተጽፎላታል።

በእኛ ዘንድ የሴት እሪታ ሲሰማ የሚያርስ ሞፈሩን ጥሎ ይወጣል፣ የምታቦካም እጇን ሳትታጠብ ትወጣለች። ሰምቶ ያልወጣ ሰው በዕድር ይወቀሳል፤ በእሱ ቤት እሳት ቢነሣ ማን እንደሚደርስለት ይጠየቃል። እሪ ብላ ሰው የማይደርስላት ሴት ደግሞ ጠንካራ አትባልም፤ «ሰው የሌላት» ትባላለች፣ ይታዘንላታል። እርስዎ ግን ሰው ማጣትን ጀግንነት ብለው በሚያምር ሽፋን አቀረቡልን። የእኛዎቹም ልጃገረዶች አምነው ወደዱት።

እስካሁን በተራ ቁጥር ጻፍሁ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ልሰጠው ብሞክር አልሆነልኝም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ገበያ፣ በቀትር፣ እመቤት ጌም ቤቱን ይዛ ነበር። ወዳጅነት ጠይቋት እምቢ ያለችው አንድ ጎረምሳ ገባ፤ ስሙን ለፍርድ ቤቱ ትቼዋለሁ። «ለብቻዬ ልጫወት» ብሎ ልጆቹን አስወጣና በሩን ዘጋ። እነሱም ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሴት ጩኸት ተሰማ።

«ሸጋ ሞተች» ተባባሉ ልጆቹ። ባለ ሱቋ ወርቅአየሁ ከመስኮቷ ብቅ ብላ፣ «ዛሬስ ምነው ጨከናችሁባት?» ብላ ቀለደችባቸው። ጩኸቱ ተደገመ። ባጃጅ የሚያጥበው ሰውዬ ማጠቡን አላቋረጠም። እኔ ከችፑዱ ወዲህ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ገጹን ገለጥሁ።

የወጡት አያ ምህረቴ ብቻ ናቸው። ልጆቹ «አባባ፣ ጨዋታ ነው እኮ» ሲሏቸው «ይሁና» አሉና በሩን በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። እመቤት ወለሉ ላይ ነበረች፤ ቀኝ ክንዷ ተሰብሯል። ጎረምሳው «ገመድ ጠልፏት ነው የወደቀች» አለ። ኋላ ተከትዬ ስገባ ቴሌቪዥኑ አልተዘጋም ነበር፤ ሸጋ በበረዶው ላይ ቆማ የሚያንቀሳቅሳት ሰው ትጠብቃለች፣ ጸጉሯም ይነቃነቃል። በእውነት ድንቅ ሥራ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ውለታ ከዚህ ይጀምራል። ፖሊስ ሠፈሩን ሲጠይቅ ሁሉም አንድ ቃል ሰጠ፤ «ጩኸት ሰምተናል፤ ጨዋታው መስሎን ነው።» ልጆቹ እንዲህ አሉ፣ ወርቅአየሁም እንዲህ አለች፣ እኔም እንዲህ አልሁ። የጎረምሳው ዘመዶች ደግሞ ይህንኑ ቃል ተቀብለው፣ «እንግዲያው የተሰማው የጨዋታው ጩኸት ነዋ፤ ልጅቱ ራሷ ወድቃ ነው» ይላሉ። አያ ምህረቴ የደረሱት ክንዷ ከተሰበረ በኋላ ስለሆነ የጎረምሳውን እጅ አላዩም። ከውቅያኖስ ማዶ ሆነው፣ ስሙን እንኳ ሳያውቁት፣ ለአንድ የእንጅባራ ጎረምሳ እንዲህ ያለ የመከላከያ ምስክር ያቆሙለት ቸር ሰው ከእርስዎ በቀር አላውቅም።

ሽማግሌዎችም መጡ፤ እርቅ ይሻላል፣ ነገር ማክረር ለሴት ልጅ አይበጃትም አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ክንዷ ላይ ያለውን ጄሶ እያዩ፣ «ልጄ፣ በዚያ ሳጥን ስትዋጊ የምትውዪ አንቺ አይደለሽ? ምነው ታዲያ አልመታሽው?» ብለው ጠየቋት። እንደ ቀልድም እንደ ወቀሳም ነበር። የጌም ቤቱ ልጆች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቋት መጥተው፣ «ተነሺ እንጂ፣ ሸጋ ስንቴ ተነሥታለች» አሏት። ሊያጽናኗት ነው፤ ክፋት የለባቸውም። እመቤት ብርቱካኑን ተቀበለች፤ አልሣቀችም። ሲሄዱ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እትዬ፣ እኔ ለካ ጠንካራ አይደለሁም» አለችኝ። ብርቱካኑን ልላጥልሽ አልኋት።

ጉዳዩ በሚመጣው ሳምንት ፍርድ ቤት ይቀርባል። «የሰማሁት የእሷን ነው» የሚል ሰው ካልቆመ መዝገቡ ይዘጋል ብለዋታል ፖሊሶቹ። ያን ጊዜ እመቤት ያልተቃና ክንዷንና «ለምን አልመታሽውም» የሚለውን ጥያቄ ይዛ በሚኒባስ ወደ ጥሊሊ ትመለሳለች። ጎረምሳው ደግሞ ወደ አግዳሚው ወንበር።

ጆሮዬን ያደነዘዘው የእርስዎ ጨዋታ ነው ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ሐሰት እንዳይሆንብኝ ግን አንዲት ነገር ልጨምር። ገና ሙሽራ ሆኜ ዳንግላ ስኖር ዘውድነሽ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ ባሏ ሲደበድባት በጭቃው ግድግዳ በኩል እሰማት ነበር። «የባልና የሚስት ነገር ነው፣ አትግቢ» አሉኝ፤ አልገባሁም። አንድ ቀን ጩኸቷ ቀረ፤ በማግሥቱ ቀበርናት። ያኔ በዳንግላ ጌም ቤት አልነበረም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ አዲስ ነገር አመጡብን ብዬ አልከስዎትም፤ የነበረንን ነው አሳምረው መልሰው የሸጡልን። እኛ ድሮ ላለመውጣት ምክንያት መፈለግ ነበረብን፤ አሁን ምክንያቱ ከመብራት ጋር ይመጣል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሥራዎ ለሸጋ ጎረቤት ይሥሩላት። ጠመንጃ አያስፈልገውም፣ ጸጉሩም ባይነቃነቅ ግድ የለም። ስትጮኽ በሩን ከፍቶ «ምንድን ነው?» የሚል ይበቃል። ሽማግሌ ቢሆን፣ ዱላ ቢይዝ፣ ፈረሱንም አስሮ ቢመጣ ሞዴል የሚሆን ሰው ከጥርባ ልልክልዎ እችላለሁ።

ሥራዎ ይስፋ፤ ጸጉር ሠሪዎችዎ ይብዙ፤ ከቤትዎ አንዲት ሴት የጮኸች ዕለት ጎረቤትዎ የእርስዎን ጨዋታ የማያውቅ ሰው ይሁንልዎ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከችፑዱ ወዲህ፣
የሸጋ የዘወትር አድማጭ
ውብአየሁ ሽባባው

ግልባጭ፦
— ለይሄነው (ድምፁን እንዲቀንስ)
— ለሠፈራችን ዕድር (ያልወጣነውን እንዲጠይቀን)
— ለአያ ምህረቴ (ማንበብ ስለማይችሉ በገበያ ቀን እኔ አነብላቸዋለሁ)

ማስታወሻ፦ አንድ ትንሽ ትብብር መጠየቅ ረስቼ ነበር። ፍርድ ቤት ስቀርብ «የሰማሽው ጨዋታውን ነው» የሚሉኝ ይኖራሉና፣ ሸጋ በዚያ ሁሉ ሞቷ ማንንም በስም እንደማትጠራ፣ በተለይም የእኔን ስም እንደማታውቅ ማኅተም ያለበት አንድ መስመር ቢልኩልኝ። ለፖሊስ ሳልናገር የቀረሁት ይህን ነው፤ ያን ቀን ቀትር ላይ በችፑዱ በኩል የመጣው ጩኸት የገደሉም የእንጨቱም የወንዙም አልነበረም። «እትዬ ውብአየሁ፣ ድረሱልኝ፣ ክንዴን ሰበረኝ» የሚል ነበር። ወረቀቱ ባይደርስልኝም አይጨነቁ፤ የተጠራሁት እኔ ነኝና ዘግይቼም ቢሆን እኔው እወጣለሁ።